ኪካድ 9፦ አዲስ ፕሮጀክት ከፍቶ ዝም የሚል ሶፍትዌር

ኪካድ የኤሌክትሮኒክስ ሰርኪዩትና ቦርድ መንደፊያ ሶፍትዌር ነው፤ ነፃም ነው። የሙከራ ጊዜ የለውም፣ የቦርድ ስፋት አይገድብም፣ «ይህን ለማግኘት ይክፈሉ» የሚል መስኮትም አያወጣም። በሱ የነደፋችሁትን ፒሲቢ (ኮምፖነንቶች የሚበየዱበትን ቦርድ) አሠርታችሁ ብትሸጡ የሚጠይቃችሁ የለም። ታዲያ ብዙ ሰው ጭኖት ወዲያው የሚተወው ለምንድን ነው? አዲስ ፕሮጀክት ሲከፈት ሶፍትዌሩ ምንም ስለማይጠይቅ ነው። ስም ይቀበላል፣ ሦስት ፋይል ይፈጥራል፣ ከዚያ ዝም። ቦርዱ ስንት ሌየር (የመዳብ ንጣፍ) ነው፣ የሚሠራው ፋብሪካ እስከ ስንት ሚሊሜትር ይችላል፣ 220 ቮልት የሚያልፍበት መስመር አለ ወይ? አንዱንም አይልም። እነዚህ ጉዳዮች የሚነሱት ትራኩ (የቦርዱ የመዳብ መስመር) ሁሉ ተስቦ ካለቀ በኋላ ነው፤ ያኔም በጥያቄ ሳይሆን በስህተት ዝርዝር መልክ።

ስለዚህ እዚህ የምንገመግመው ኪካድን በሙሉ ሳይሆን ያንን የመጀመሪያ አንድ ሰዓት ነው። ምሳሌ የምናደርገው በ12 ቮልት የሚሠራ፣ አትሜጋ 328ፒ የሚባል ማይክሮ ኮንትሮለር ያለበት፣ በአንድ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) የ220 ቮልት የውኃ ፓምፕ የሚያበራና የሚያጠፋ ቦርድ ነው። ቀላል ይመስላል፤ ኪካድ ዝም ብሎ የሚያሳልፋቸውን ነገሮች ግን ሁሉንም ያወጣቸዋል።

ሶፍትዌሩ የትናንት አይደለም። ዣን ፒየር ሻራስ የተባለ ፈረንሳዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1992 ጀመረው፤ ከ2013 ወዲህ የአውሮፓው የኒውክሌር ምርምር ማዕከል ሰርን እጁን ካስገባበት በኋላ ነው ከትርፍ ጊዜ ሥራነት ወጥቶ ትላልቅ ቦርዶች የሚሠሩበት የሆነው። 9ኛው ስሪት የወጣው በፌብሩዋሪ 2025 ነው፤ ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ በሱ ላይ ነው። ከ6ኛው ወዲህ ያሉት ስሪቶችም ባብዛኛው ይመሳሰላሉ። 5ኛው ላይ ያላችሁ ግን የፋይሉ ዓይነት ራሱ ስለተለወጠ መጀመሪያ አሻሽሉ።

እኛ አገር ኤሌክትሪካል የተማረ ሰው የሰርኪዩት ሶፍትዌር ሲባል ቶሎ የሚመጣለት ፕሮቲየስ ነው። ፕሮቲየስ አዲስ ፕሮጀክት ሲባል ደረጃ በደረጃ እየጠየቀ ነው የሚሄደው፦ ስኬማቲክ (የሰርኪዩቱ ሥዕል) ይኖረዋል ወይ፣ ፒሲቢስ፣ ማይክሮ ኮንትሮለሩ የቱ ነው፣ ኮዱ በምን ይጻፋል። ከዚያ መጥቶ ኪካድን የከፈተ ሰው የጎደለ ነገር ያለ ይመስለዋል፤ እውነቱንም ነው። ሌላም ልዩነት አለ። ፕሮቲየስ ላይ አትሜጋን ከነኮዱ ማስኬድ ይቻላል። የኪካድ ሲሙሌተር ኤንጂ-ስፓይስ ነው፤ ለፊልተር፣ ለአምፕሊፋየር፣ ለፓወር ሰፕላይ ጥሩ ነው፤ ኮድ የተጫነበት ማይክሮ ኮንትሮለር ግን አያስኬድም። ዓላማችሁ ለክፍል ማቅረቢያ ኤልኢዲ ብልጭ ድርግም ሲል ስክሪን ላይ ማሳየት ብቻ ከሆነ ፕሮቲየስን አትተዉ። እጅ ላይ የሚያዝ ቦርድ የምትፈልጉ ከሆነ ግን ኪካድ ይሻላል፣ በብዙ።

አጫጫኑ ላይ ብዙ የሚባል የለም። ለዊንዶውስ የሚወርደው ፋይል ከ1 ጊጋባይት ይበልጣል፤ ክብደቱ ከሶፍትዌሩ ይልቅ የላይብረሪውና የ3ዲ ሞዴሎቹ ነው። በሞባይል ዳታ የምታወርዱ ከሆነ አስቡበት። ኡቡንቱ ላይ የ3ዲ ሞዴሎቹ ለብቻ ፓኬጅ ስለሆኑ መተው ይቻላል፤ ቦርዱን ለመንደፍ አያስፈልጉም። የቆየ ላፕቶፕ ላይ ስክሪኑ ቢንቀጠቀጥ ወይም ጥቁር ቢሆን ችግሩ የግራፊክስ ካርዱ ነው፤ «ፕሪፈረንስስ» ውስጥ ገብታችሁ ከ«አክሰለሬትድ» ወደ «ፎልባክ» ብታዞሩት ይዘገያል እንጂ ይሠራል። እዚያው እያላችሁ «ኮመን» የሚለው ገጽ ላይ የራስ-ሰር ሴቭ ሰዓቱን ከ5 ደቂቃ ወደ 1 ዝቅ አድርጉት። መብራት ሲሄድ የምታመሰግኑት ይህን ይሆናል።

ፎልደሩና ፋይሎቹ

«ፋይል»፣ ቀጥሎ «ኒው ፕሮጀክት»። የሚመጣው መስኮት ላይ ለፕሮጀክቱ አዲስ ፎልደር ፍጠር የሚል ሳጥን አለ፤ ምልክቱን አታንሱት። ካነሳችሁት ፋይሎቹ ዶክመንትስ ውስጥ ይበተናሉ፤ ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ሁለት ፕሮጀክት አንድ ፎልደር ውስጥ ሲገባ የላይብረሪ ሰንጠረዡን ይጋራሉ፤ የአንዱን ስታስተካክሉ የሌላው ይነካል። ስሙን በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ፣ ከነስሪት ቁጥሩ ስጡት። ይኸው ስም በኋላ ለፋብሪካ በሚላኩት ፋይሎች ላይ ሁሉ ይገባል።

ሦስት ዋና ፋይል ይፈጠራል፦ የፕሮጀክቱ፣ የስኬማቲኩና የፒሲቢው። ሦስቱም አንድ ስም ነው ያላቸው፤ ኪካድ የሚያገናኛቸውም በዚሁ ስም ነው። ስለዚህ በፋይል ኤክስፕሎረር ገብቶ አንዱን ስሙን መቀየር ማለት ከሌሎቹ ማለያየት ማለት ነው። ስም መቀየር ካስፈለገ ከፕሮጀክት ማኔጀሩ «ሴቭ አዝ» በሉ፤ ሁሉንም አብሮ ይቀይራል። ፎልደሩን ብቻ ማዘዋወር ግን ችግር የለውም።

የፕሮጀክት ፋይሉን ብዙ ሰው አቋራጭ መክፈቻ ብቻ ይመስለዋል። የትራክ ወርድ፣ የክፍተት ልክ፣ የኔት ክላስ (አንድ ሕግ ያላቸው መስመሮች ምድብ) ምደባ፣ ሁሉም የሚቀመጠው እዚያ ነው። ለጓደኛችሁ የፒሲቢውን ፋይል ብቻ በቴሌግራም ብትልኩለት ቦርዱ ይከፈትለታል፤ ሕጎቹ ግን አብረው አይሄዱም፤ 6 ሚሜ ያላችሁት ክፍተት እሱ ጋ 0.2 ሚሜ ሆኖ ዲአርሲው (የቦርዱን ሕጎች የሚመረምረው) «ስህተት የለም» ይለዋል። «ፋይል» ውስጥ «አርካይቭ ፕሮጀክት» የሚለው ሁሉንም በአንድ ዚፕ ይጠቀልላል፤ የሚላከው እሱ ነው። ተቀባዩ 8ኛው ስሪት ላይ ከሆነ የ9ኛውን ፋይል ፈጽሞ አይከፍትለትም፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ሴቭ ማድረግም የለም። በቡድን የምትሠሩ ከሆነ ስሪቱን መጀመሪያ ተስማሙበት።

ፒሲቢውን ወይም ስኬማቲኩን በቀጥታ ፋይሉን ሁለቴ ክሊክ አድርጎ መክፈት ሌላው ወጥመድ ነው። ይከፈታል፤ ነገር ግን ለብቻው ስለሆነ ከስኬማቲክ ወደ ፒሲቢ ማስተላለፊያው አይሠራም። ሁልጊዜ በፕሮጀክት ፋይሉ በኩል ግቡ።

ላይብረሪ

ለመጀመሪያ ጊዜ ስኬማቲክ ስትከፍቱ የላይብረሪ ሰንጠረዡን ከየት ላምጣ ይላል። አንዴ ከሚጠይቃቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ «ሪኮመንድድ» ያለውን ተቀብላችሁ እለፉ። ባዶውን የመረጠ ሰው ሬዚስተር እንኳ አያገኝም።

አብሮት የሚመጣው ላይብረሪ ሰፊ ነው። ለኛ ቦርድ የሚያስፈልገው ሁሉ፣ ያ ሰማያዊ ኤስአርዲ ሪሌይ ጭምር፣ ውስጡ አለ። የሌለ ኮምፖነንት ሲገጥማችሁ ከኢንተርኔት ታወርዳላችሁ፤ መጠንቀቅ ያለባችሁ የት እንደምታስቀምጡት ነው። ዳውንሎድስ ውስጥ ትታችሁ ካስገባችሁት አድራሻው በኮምፒውተራችሁ የተጠቃሚ ስም ተጽፎ ይቀራል፤ ሌላ ማሽን ላይ ይጠፋል። ፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ «ላይብ» የሚል ንዑስ ፎልደር ክፈቱ፣ የወረደውን እዚያ ጣሉት፣ ከዚያ «ማኔጅ ሲምቦል ላይብረሪስ» ገብታችሁ «ግሎባል» ሳይሆን «ፕሮጀክት ስፔሲፊክ» የሚለው ትር ላይ ጨምሩት። አድራሻው በፕሮጀክቱ ፎልደር ተለዋዋጭ ስም መጀመሩን አረጋግጡ (በካፒታል ፊደል ኬ፣ አይ፣ ፒ፣ አር፣ ጄ፣ ኤም፣ ኦ፣ ዲ ተብሎ የሚጻፈው ነው)። ለፉትፕሪንቱም (ኮምፖነንቱ ቦርዱ ላይ ለሚያርፍበት የፓድና የቀዳዳ ቅርጽ) እንደዚሁ፤ ሁለቱ የተለያዩ ሰንጠረዦች ናቸው፤ አንዱን ሞልቶ ሌላውን መርሳት የተለመደ ነው።

የወረደ ፉትፕሪንትን አትመኑ። ዳታሺቱን (የአምራቹን የመረጃ ሰነድ) ከፍታችሁ ፒን 1 የት እንዳለ፣ በፒንና በፒን መሃል ያለው ርቀት ስንት እንደሆነ አመሳክሩ። ትራንዚስተር ላይ ይህ እጥፍ ያስፈልጋል፦ ቢሲ 547 ጠፍጣፋ ፊቱ ወደ እናንተ ሆኖ እግሩ ወደ ታች ሲያዝ ከግራ ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር ነው፤ 2ኤን 3904 ደግሞ ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር። ሱቅ ያለው አንዱ ብቻ ከሆነ፣ ሲምቦሉን የገዛችሁትን አድርጉት እንጂ «ሁለቱም ኤንፒኤን ናቸው» ብላችሁ አትለፉ። ሬጉሌተርም እንዲሁ ነው። 7805 መግቢያ፣ ግራውንድ፣ መውጫ ነው፤ ኤልኤም 317 ግን ማስተካከያ፣ መውጫ፣ መግቢያ። ቅርጻቸው አንድ ነው።

ስኬማቲኩ

የመሥሪያ ቁልፎቹ ጥቂት ናቸው፤ ቶሎ እጅ ውስጥ ይገባሉ፦ ኤ ኮምፖነንት ያመጣል፣ ደብሊው ሽቦ ይስባል፣ ፒ የፓወር ምልክት፣ ኤል የመስመር ስም፣ አር ያዞራል፣ ኪው ደግሞ ምንም የማይገናኝበት ፒን ላይ ኤክስ ያደርጋል። ግሪዱን ከ50 ሚል (ሚል የኢንች ሺኛ ነው) አትንኩት። ለማስተካከል ተብሎ ወደ 25 ወይም 10 ሲወርድ ኮምፖነንቱ ከመስመር ትንሽ ይወጣል፤ ሽቦው ፒኑን የነካ ይመስላል፣ ግን አልነካም። በዓይን አይታይም። ኢአርሲው (የስኬማቲኩ ስህተት መርማሪ) «ያልተገናኘ ፒን» ሲላችሁና እናንተ ተገናኝቶ ሲታያችሁ፣ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ግሪዱን ነው።

የጀማሪ ሁሉ እንቆቅልሽ የሆነው ስህተት ግን ሌላ ነው፦ የፓወር መግቢያ ፒን በማንም አልተነዳም የሚለው። ሰርኪዩቱ ትክክል ነው፣ 12 ቮልቱ ከቴርሚናል ብሎክ ይገባል፣ ታዲያ ምን ጎደለ? ኪካድ ቴርሚናል ብሎክን ፓወር ምንጭ ብሎ አያውቀውም፤ ለሱ ዝም ብሎ ሁለት ፒን ነው። ፓወር ፍላግ የሚባለውን ምልክት መስመሩ ላይ ስታስቀምጡ «ፓወር ከዚህ ይመጣል» ማለታችሁ ነው። ቦታው ላይ ደግሞ ጥንቃቄ አለ። ዋልታ ቢገለበጥ ብላችሁ መግቢያው ላይ 1ኤን 4007 በተከታታይ ካስገባችሁ፣ ከዳዮዱ በፊትና በኋላ ያለው ሁለት የተለያየ መስመር ነው፤ ፍላጉ መቀመጥ ያለበት ከዳዮዱ በኋላ፣ 7805 መግቢያ ላይ ነው። ሌላ አንድ ግራውንድ ላይ። 5 ቮልቱ ላይ ግን አታስቀምጡ፤ የ7805 መውጫ ፒን ራሱ ፓወር ሰጪ ተብሎ ስለተመዘገበ ሁለት ሰጪ ተጋጨ ብሎ አዲስ ስህተት ያወጣል። እዚህ ላይ ኪካድን እንወቅሰዋለን፦ የስህተቱ ጽሑፍ «ፍላግ አስገባ» ቢል ኖሮ ስንቱ ሰው ጊዜው በተረፈለት።

የሪሌዩ መንጃ ቀላል ነው። የኤስአርዲ 12 ቮልት ኮይል 400 ኦም ገደማ ስለሆነ 30 ሚሊአምፒር ይወስዳል፤ ቢሲ 547 ይችለዋል። ቤዙ ላይ 1 ኪሎ ኦም፣ ከኮይሉ ጎን ለጎን ካቶዱ ወደ 12 ቮልት የሆነ 1ኤን 4007። የመስመሮቹን ስም እዚሁ ስጧቸው፤ በተለይ የ220ዎቹን አንድ ዓይነት መነሻ ቃል ስጧቸው። ምክንያቱ ወዲያው ይመጣል።

ፉትፕሪንት ስትመድቡ ለሩብ ዋት ሬዚስተር ስሙ ውስጥ «ዲአይኤን 0207» እና «ፒ 10.16» የሚለውን ፈልጉ። ለትራንዚስተሩ ሁለት ዓይነት ቲኦ-92 አለ፦ «ኢንላይን» የሚለው ፒኖቹ በ1.27 ሚሜ የተራራቁ ናቸው፣ «ኢንላይን ዋይድ» በ2.54። በእጅ ለሚበይድ ሰው ሁለተኛው ነው፤ በመጀመሪያው ሁለት ፒን በአንድ ጠብታ ቆርቆሮ መያያዙ አይቀርም።

ቦርድ ሴትአፕ፣ ትራክ ከመሳብ በፊት

ኤፍ 8 ተጭናችሁ ኮምፖነንቶቹን ወደ ፒሲቢ ካስተላለፋችሁ በኋላ ወዲያው ትራክ አትጀምሩ። «ፋይል»፣ «ቦርድ ሴትአፕ»። ፕሮጀክት ሲከፈት ያልተጠየቃችሁት ሁሉ እዚህ ነው ያለው።

መጀመሪያ «ኮንስትሬይንትስ»። እዚህ የምትጽፉት እናንተ የምትፈልጉትን ሳይሆን ፋብሪካው ከዚያ በታች መሥራት የማይችለውን ወሰን ነው። ርካሽ ባለ ሁለት ሌየር ቦርድ የሚሠሩ የቻይና ፋብሪካዎች ከሚያወጡት ዝቅተኛ ልክ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ያዙ፦ ትራክ 0.2 ሚሜ፣ ክፍተት 0.2፣ ቀዳዳ 0.3፣ መዳብ ከቦርዱ ጠርዝ 0.5። ዝቅተኛውን ልክ በትክክል መጠቀም አያስመሰግንም፤ እንዲህ ያለ ቦርድ ላይ ቦታ ሞልቷል።

ቀጥሎ «ኔት ክላስስ»። ኪካድ «ዲፎልት» የሚል አንድ ክላስ ብቻ ይሰጣችኋል፤ ትራክ 0.2፣ ክፍተት 0.2፣ ቪያ (ሌየሮቹን የሚያገናኝ ቀዳዳ) 0.6 በ0.3። ለሲግናል ይበቃል፤ 0.3 ብታደርጉት ግን ለብየዳም ለጥገናም ይመቻል። ለ12ና ለ5 ቮልቱ «ፓወር» የሚል ክላስ ጨምሩና 0.8 ስጡት። ለ220ው ሌላ ክላስ። ከታች ባለው ሳጥን የመስመር ስም ንድፍ ይጻፋል፤ የ220ዎቹን በአንድ መነሻ ቃል የሰየማችሁት ለዚህ ነው፤ ቃሉንና ኮከብ ምልክት ስትጽፉ ሁሉም በአንዴ ይገባሉ። አንድ በአንድ መምረጥ የለም።

የ220ው ትራክ ወርድ ስንት ይሁን? ኪካድ ውስጥ ያለው «ካልኩሌተር ቱልስ» በአይፒሲ 2221 ቀመር ያወጣዋል፤ በዚህ ክፍል ሶፍትዌሩን ከልብ እናደንቃለን። 35 ማይክሮን መዳብ፣ 10 ዲግሪ ሙቀት መጨመር፣ ውጭኛ ሌየር ብላችሁ ስትሞሉ 1 አምፒር 0.3 ሚሜ፣ 3 አምፒር 1.37፣ 5 አምፒር ወደ 2.8፣ 10 አምፒር ደግሞ ከ7 ሚሜ በላይ ይላል። ሪሌዩ ጀርባ ላይ «10 አምፒር» ስለተጻፈ ቦርዳችሁ 10 አምፒር ይችላል ማለት አይደለም። ግማሽ የፈረስ ጉልበት ፓምፕ ሲሄድ ከ3 እስከ 4 አምፒር ገደማ ነው የሚወስደው፤ ሲነሳ ግን በብዙ እጥፍ ይስባል። 3 ሚሜ አድርጉት፤ ቦታ ካለ በሁለቱም ሌየር ላይ አስኪዱት።

አሁን ክፍተቱ። ሰው የሚነካው ባለ 12 ቮልት ወገንና 220ው መሃል 6 ሚሜ ያህል ርቀት መያዝ የተለመደ ነው። ጀማሪ የሚያደርገው 220 ክላስ ላይ ክፍተት 6 ብሎ መሙላት ነው። ኪካድ በሁለት መስመር መሃል ያለውን ክፍተት ሲወስን ከሁለቱ ክላስ ትልቁን ነው የሚወስደው፤ ስለዚህ ሁለቱ የ220 መስመሮች እርስ በርሳቸውም 6 ሚሜ ይራራቁ ይላል፤ ቴርሚናል ብሎካችሁ 5.08 ሚሜ ከሆነ ፒኖቹ ራሳቸው ስህተት ናቸው። መፍትሔው ክላሱ ላይ 2.5 ትታችሁ «ከስተም ሩልስ» የሚለው ገጽ ላይ አንድ ሕግ መጻፍ ነው፦ አንደኛው ወገን የ220 ክላስ ከሆነ፣ ሁለተኛው ካልሆነ፣ ክፍተቱ ከ6 ሚሜ አይነስ። አጻጻፉ በቅንፍ የተሞላ ስለሆነ ያስፈራል፤ ከሥር ያለው የአጻጻፍ መመርመሪያ ቁልፍ የጎደለውን ቅንፍ ይነግራችኋል።

ሕጉን ጽፋችሁ ዲአርሲ ስታስኬዱ ስህተት ይወጣል፤ የሚወጣውም ሪሌዩ ራሱ ላይ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ሕጉ በዛ» ብሎ ይሰርዘዋል። አትሰርዙት፤ ዲአርሲው ልክ ነው። የዚህ ሰማያዊ ሪሌይ ኮመን ፒን የተቀመጠው በሁለቱ የኮይል ፒኖች መሃል ነው። ከመሃል እስከ መሃል 6 ሚሜ ትንሽ ያልፋል፤ የብየዳ ፓዶቹ ሲቀነሱ ግን የሚቀረው ክፍተት ከ4 ሚሜ በታች ነው። 220 ቮልትና የአትሜጋችሁ ወገን በዚያች ቦታ ተፋጥጠዋል። አቧራና እርጥበት የሚገባበት የፓምፕ ሳጥን ውስጥ ሲሆን ነገሩ ቀልድ አይደለም።

ሁለት መውጫ አለ። አንደኛው ቦርዱን እዚያ ቦታ መሰንጠቅ ነው፦ «ኤጅ ከትስ» የሚባለው ሌየር ላይ፣ በኮመኑና በእያንዳንዱ የኮይል ፒን መሃል 1 ሚሜ ወርድ ያለው የተዘጋ ቅርጽ ስትሥሉ ፋብሪካው ስሎት አድርጎ ይቆርጠዋል። ኤሌክትሪኩ በቦርዱ ገጽ ላይ ለመጓዝ ስሎቱን መዞር ስላለበት መንገዱ ይረዝማል። በ9ኛው ስሪት ይህን የሚለካ ክሪፔጅ የሚባል ሕግ ተጨምሯል፤ ስሎቱን ዞሮ ያለውን ርቀት ነው የሚቆጥረው። ከክፍተት ሕጉ ጎን ጻፉት። ከ8ኛው ወደ 9ኛው ለመሻገር ለ220 ቮልት ሠሪ ይህ ብቻውን ምክንያት ይሆናል። ሁለተኛው መውጫ የኮይል ፒኑ በአንድ ጫፍ፣ የኮንታክት ፒኑ በሌላ ጫፍ የሆነ ሪሌይ መግዛት ነው፤ ይወደዳል፣ ግን ችግሩን ከሥሩ ይነቅለዋል። ያንን ካገኛችሁ ስሎቱን እርሱት።

የቦርዱን ዙሪያ መስመርም እዚያው «ኤጅ ከትስ» ላይ ነው የሚሠራው። በአራት የተለያየ መስመር ከምትሥሉት በሬክታንግል መሣሪያው አንዴ ሳሉት። አራቱ መስመሮች ጥግ ላይ በፀጉር ያህል ሳይገናኙ ሲቀሩ ዲአርሲ «ዙሪያው አልተዘጋም» ይላል፣ 3ዲ ማሳያውም ቅርጹን በትክክል አያወጣም።

ስለ ጽሑፍ አንድ ነገር። ከ7ኛው ስሪት ወዲህ ኪካድ የኮምፒውተሩን ፎንት ይቀበላል፤ ስለዚህ «አደጋ፦ 220 ቮልት» ብሎ በአማርኛ ቦርዱ ላይ ማተም ይቻላል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ምረጡ፣ ቁመቱን ከ2 ሚሜ አታሳንሱ፤ ፊደላችን ቀለበትና ቅጥል ስለሚበዛው በትንሹ ሲታተም ይደፈናል። ፋይሉን የሚከፍተው ሰው ፎንቱ ከሌለው በሌላ ይተካበታል፤ 9ኛው ላይ ፎንቱን ፋይሉ ውስጥ የመክተት አማራጭ አለ። ጋርበሩ (ለፋብሪካ የሚላከው ፋይል) ላይ ግን ጽሑፉ ቅርጽ ሆኖ ስለሚወጣ ፋብሪካው ፎንት አያስፈልገውም።

ቤት ለሚሠራና ለፋብሪካ ለሚልክ

በካውያና በፈሪክ ክሎራይድ ቤት የምትሠሩ ከሆነ ልኮቹን ሁሉ ከፍ አድርጉ፦ ትራክ 0.8፣ ክፍተት 0.5። የሬዚስተሩ ፓድ 1.6 ሚሜ፣ ቀዳዳው 0.8 ነው፤ በእጅ መብሻ 1 ሚሜ ስትበሱት ዙሪያው የሚቀረው መዳብ 0.3 ብቻ ስለሆነ ይላጣል። ፓዱን ወደ 2 ሚሜ አሳድጉት። ስታትሙ ልኩ አንድ ለአንድ ይሁን፣ የመብሻ ምልክቱን «ስሞል» አድርጉ፤ መሃል ላይ ትንሽ ነጥብ ትቶ የመብሻውን ጫፍ ይይዝላችኋል። መገልበጡ ብዙ ያወዛግባል፦ ቶነሩ (የማተሚያው ቀለም) ከወረቀት ወደ መዳብ በካውያው ሲዛወር አንዴ ስለሚገለበጥ፣ የታችኛውን መዳብ ሳትገለብጡ፣ የላይኛውን ደግሞ «ሚረር» ብላችሁ አትሙ። ቦርዱ ላይ አንድ ፊደል ጽፋችሁ ካተማችሁ ስህተቱ ካውያ ሳይነካው ይታያል።

ለፋብሪካ ከሆነ መጀመሪያ የቢ ቁልፍን ተጭናችሁ የግራውንዱን የመዳብ ሙሌት አድሱ፣ ዲአርሲ አስኪዱ፣ ከዚያ «ፋብሪኬሽን አውትፑትስ»፣ «ጋርበርስ»። የሁለቱም ወገን መዳብ፣ ማስክ (መከላከያ ቀለሙ)፣ ሲልክስክሪን (የጽሑፍ ሌየሩ)፣ «ኤጅ ከትስ»፤ ሰባት ሌየር። ከዚያ ያ ሁሉ ሰው የሚረሳው፦ የቀዳዳው ፋይል ለብቻው ነው። ጋርበር አውጥቶ «ጄነሬት ድሪል ፋይልስ» የሚለውን ያልጫነ ሰው ቀዳዳ የሌለበት ቦርድ ነው የሚያዝዘው፤ ጥሩ ፋብሪካ ይጠይቃችኋል፣ ግን ጥያቄው ባለው የጊዜ ልዩነት የተነሳ አንድ ቀን ይበላል። ሁሉንም ዚፕ ከማድረጋችሁ በፊት አብሮ በሚመጣው ጋርበር ማሳያ ከፍታችሁ ቀዳዳዎቹ ፓዶቹ መሃል መሆናቸውን እዩ። 9ኛው ስሪት «ጆብሴት» የሚል አዲስ ነገር አለው፤ ጋርበሩን፣ ድሪሉን፣ የስኬማቲኩን ፒዲኤፍ አንዴ ካስያዛችሁት በአንድ ክሊክ ሁሉንም ያወጣል።

የጎደለውንም እንናገር። ትራክ በራሱ የሚስብ መሣሪያ ውስጡ የለም፤ ፍሪራውቲንግ የሚባል ከውጭ የሚጨመር አለ፣ ለ220 ቮልት ቦርድ ግን ባትሞክሩት ይሻላል። የሕግ አጻጻፉ በቅንፍ መሆኑም ለጀማሪ አይመችም። የፕሮጀክት መክፈቻው ዝምታ ደግሞ የተባለው ነው።

ለዝምታው ራሱ ኪካድ መድኃኒት አለው፤ ብዙ ሰው አያየውም እንጂ። ከላይ ያለውን ሁሉ አንዴ ካስተካከላችሁ በኋላ ኮምፖነንቶቹን አጥፍታችሁ ሕጎቹን፣ ክላሶቹን፣ «ላይብ» ፎልደሩን ብቻ የያዘ ባዶ ፕሮጀክት አስቀሩ። ፎልደሩን ዶክመንትስ ውስጥ ኪካድ ከፈጠረው ፎልደር፣ «9.0» ሥር፣ «ቴምፕሌት» ወደሚለው ገልብጡት። ውስጡ «ሜታ» የሚል ንዑስ ፎልደር ክፈቱና «ኢንፎ» የሚል አንድ የኤችቲኤምኤል ገጽ አስቀምጡ፤ በሁለት መስመር ቴምፕሌቱ ምን እንደሆነ ጻፉበት። ያለዚህ ገጽ ኪካድ ፎልደሩን እንደ ቴምፕሌት አይቆጥረውም። በሚቀጥለው ጊዜ «ኒው ፕሮጀክት» ሳይሆን «ኒው ፕሮጀክት ፍሮም ቴምፕሌት» በሉ፤ የተጠቃሚው ትር ላይ ታገኙታላችሁ፣ ፋይሎቹንም በአዲሱ ስም ራሱ ይሰይማቸዋል። አንዱን ለቤት ሥራ፣ አንዱን ለፋብሪካ፣ ሦስተኛውን 220 ቮልት ላለበት አድርጋችሁ ለዩዋቸው።